ከ35 በኋላ የመጀመሪያ ሥራ ለምትጀምሩ

ልጅ ሲያሳድጉ የቆዩ እናቶች፣ የታመመ ወላጅ ሲያስታምሙ ዓመታት ያለፉባቸው፣ ዲፕሎማቸውን ይዘው በዛው ትዳር ውስጥ የገቡ፣ ራሳቸው ታመው የተኙ፣ እና አሁን በ36ም በ42ም በ47ም ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደሞዝተኛ መሆን የሚፈልጉ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ላይ ስለምሰራ ሁሌ አገኛቸዋለሁ፣ ቢሮ ሲገቡ ገና ሳይቀመጡ "ዕድሜዬ ትንሽ ሄዷል ግን..." ብለው ነው የሚጀምሩት እና ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጥላቸው ዕድሜያቸው ሳይሆን የሰሩትን ነገር አለመናገራቸው ነው። በብዛት የሚጠይቁኝ ሴቶች ስለሆኑ አንቺ እያልኩ ነው የምፅፈው፣ ወንዶችም ለራሳችሁ እንደሚሆን አድርጋችሁ ውሰዱት።

መጀመሪያ "አሁን ጀምሬስ ምን ዋጋ አለው" የምትይውን ነገር እንጨርሰው። የጡረታ መውጫ 60 ዓመት ነው፣ ወርሃዊ የጡረታ አበል ለማግኘት ደሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ማለት በ40 ብትጀምሪ 20 ዓመት አለሽ፣ በ48 ብትጀምሪ እንኳን አስሩን ዓመት ትሞያለሽ። ከአስር ካነሰ ግን ወርሃዊ አበል የለም፣ ዳረጎት የሚባል አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ብር ነው የሚሰጠው፣ ስለዚ 47 ወይ 48 ላይ ያላችሁ ሰዎች "ለከርሞ" አትበሉ። የግል ድርጅት ላይ ካንቺ ደሞዝ 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ ከራሱ ኪስ 11 ከመቶ ይጨምርበታል። ቤት ሆነሽ ይሄን የሚያስቀምጥልሽ ሰው የለም።

ወረቀት ላይ እንምጣ። ሥራ ከመፈለግሽ በፊት ፋይዳ አውጪ፣ ቲን ቁጥር ከሌለሽ አውጪ፣ በራስሽ ስም የባንክ አካውንት ክፈቺ (ከባልሽ ጋር የጋራ ቢኖራችሁም ለብቻሽ ይኑርሽ)። ከዛ የትምህርት ማስረጃሽን በሙሉ አውጥተሽ አንድ ላይ አስቀምጪና ስምሽን ፊደል በፊደል አወዳድሪ። የ10ኛ ክፍል ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ተፅፎ ዲፕሎማው ላይ ሌላ ዓይነት፣ ፋይዳው ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ የሚመጣ ሰው አለ፣ ከተቀጠሩ በኋላ ሲታወቅ መከራ ነው። የልደት ቀንም እንደዛው። ሲቪ ላይ አምስት ዓመት ቀንሰሽ ፋይዳሽ ሌላ ከተናገረ ጥያቄው ስለ ዕድሜሽ መሆኑ ይቀርና ስለ ታማኝነትሽ ይሆናል፣ በዛ ላይ መጀመሪያ ስትቀጠሪ ያስመዘገብሽው ልደት ነው ጡረታ ድረስ የሚከተልሽ። ትክክለኛውን ፃፊ።

ዋስ የሚባለውን ነገር ደሞ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው። ካሸር፣ ስቶር ኪፐር፣ ሽያጭ፣ ንብረት ወይም ብር የሚነካ ሥራ ከሆነ ዋስ ይጠየቃል፣ እሱም ደሞዙ ይህን ያህል ነው የሚል ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያፅፍ ቋሚ ሠራተኛ ነው፣ አንዳንዱ ድርጅት የመኪና ሊብሬ ወይም የቤት ካርታ ይላል። አንቺ ዓመታት ቤት ስለነበርሽ የሥራ ባልደረባ የለሽም፣ ስለዚ ዋስ መፈለግ ላንቺ ከሌላው ሰው ይከብድሻል። አሁኑኑ፣ ሥራው ገና ሳይገኝ፣ ወንድምሽን ወይም የአክስትሽን ልጅ "ሥራ ካገኘሁ ዋስ ትሆኚኛለሽ ወይ" ብለሽ ቁርጡን እወቂ። ሥራ አግኝታ ዋስ በማጣት ብቻ የቀረችብን ሰው ስላየሁ ነው የምጨቀጭቅሽ። የፖሊስ አሻራም የሚጠይቁ አሉ፣ እሱ ግን ቶሎ ያልቃል።

አሁን ሲቪ። እዚ ጋር ትንሽ ልቆይ። "ምን ትሰሪ ነበር" ስትባዪ "ምንም፣ ቤት ነበርኩ" አትበዪ፣ እውነትም አይደለም እኮ። የአርባ ሰው ዕቁብ ሰብሳቢ ሆነሽ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ለዓመታት ካዞርሽ እሱ የገንዘብ ያዥ ሥራ ነው። የእድር ጸሐፊ ከሆንሽ መዝገብ ይዘሻል፣ ስብሰባ ጠርተሻል፣ ቅጣት አስከፍለሻል። የእድር ዕቃ ቤት ይዘሽ ድንኳንና ወንበር ቆጥረሽ ከሰጠሽ ቆጥረሽም ከተረከብሽ ስቶር ማለት ይሄ ነው፣ ልዩነቱ ሞዴሉ (የዕቃ መረከቢያና ማስረከቢያ ቅፁ) ላይ መፈረም ብቻ ነው። የልጆችሽ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ሁሉም ይገባል። የታመመች እናትሽን አራት ዓመት ካስታመምሽ መድሃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሆስፒታል ወረፋ፣ ሪፈር ማፃፍ፣ ካርድ ክፍል ጋር መነጋገር ታውቂያለሽ፣ ክሊኒክ ሪሴፕሽን የሚፈልገው ይሄንን ነው። ደሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እድር ማህተም አለው። ሊቀመንበሩን ጠይቂና ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ ኃላፊነት በታማኝነት አገልግላለች የሚል ደብዳቤ ማህተም ተደርጎበት ይስጡሽ። ይሄን ደብዳቤ ያመጣ ሰው ሳይ እኔ በበኩሌ ቀና ብዬ ነው የማነበው፣ ምክንያቱም ሰፈር ብር አምኖ የሰጠው ሰው ነው።

ሲቪው ከአንድ ገፅ ተኩል አይብለጥ። ክፍተቱን አትደብቂው፣ በአንድ መስመር "ከ2001 እስከ 2016 ቤተሰብ በማስተዳደር እና በበጎ ፈቃድ አገልግሎት" ብለሽ ፃፊና ስሩ ዕቁቡንም እድሩንም በቁጥር ዘርዝሪ።

ኮምፒውተር ካልነካሽ ሁለት ወር ስጪው። ረጅም ኮርስ አይደለም የሚያስፈልግሽ፣ ወርድ፣ ኤክሴል ላይ መደመርና ሰንጠረዥ መስራት፣ በፓወር ግዕዝ አማርኛ መፃፍ፣ ኢሜይል ላይ ፋይል አያይዞ መላክ፣ በቃ። ሂሳብ ነገር የተማርሽ ከሆነ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ጨምሪበት፣ ብዙ ድርጅት አሁንም ይጠይቃል። ዲፕሎማሽ የቴክኒክና ሙያ ከሆነ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) መፈተንሽን አረጋግጪ፣ ያለሱ ማመልከቻሽን የማይቀበል ብዙ ነው። እንግሊዝኛ የማይከብድሽ ከሆነ ደሞ በ2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና በነፃ ነው፣ ኦንላይን ማታ ማታ ልጆች ሲተኙ የሚማሩት አሉ።

ሥራ የት ይፈለጋል ካልሽ፣ ጋዜጣውም የቴሌግራም ቻናሉም አለ፣ ተመልከቺ፣ ግን ላንቺ ዓይነት ሰው በብዛት በር የሚከፍተው የሚያውቅሽ ሰው ነው። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች "0 ዓመት" (ልምድ አይጠየቅም) ብለው ማስታወቂያ ሲያወጡ ብዙውን ጊዜ በቅርብ የተመረቀ ልጅ ነው የሚፈልጉት፣ የምረቃ ዓመት ገደብ ካለው ጊዜሽን አታባክኚ። ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ ሱፐርማርኬቶች፣ አስመጪዎች፣ ፋርማሲ ካሸር፣ እነዚህ ጋር የበሰለ ሰው ይፈለጋል፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው "ዛሬ ገብቶ ነገ የማይወጣ ሰው አምጡልን" ይሉናል። ለምዝገባ፣ ለፎርም፣ ለስልጠና፣ ለዩኒፎርም ብር ላኪ የሚልሽ ካለ ቁጥሩን ብሎክ አድርጊ፣ ሥራ የሚሰጥሽ ሰው ካንቺ ብር አይቀበልም።

ኢንተርቪው ላይ ሁለት ጥያቄ አይቀርልሽም። አንዱ "ልጅ ቢታመምብሽስ" ነው። መጠየቁ ደስ አይልም፣ ወንድ እንደማይጠየቅም አውቃለሁ፣ ግን መልስ ይዘሽ ሂጂ፣ "እህቴ ሰፈራችን ናት፣ እሷ ካልቻለች ጎረቤቴ አለች" ማለት በቂ ነው፣ ብዙ አታብራሪ። ሁለተኛው "አለቃሽ ካንቺ የሚያንስ ልጅ ነው፣ ትችያለሽ ወይ" ነው። እዚ ላይ "ችግር የለም" ብለሽ አትለፊው፣ "ሥራውን ከኔ በላይ ስለሚያውቀው እማራለሁ" በዪ፣ ያን ጊዜ ጠያቂው ፊቱ ይፈታል።

ስትቀጠሪ ውሉን አንብቢ። የሙከራ ጊዜ በፅሁፍ መሆን አለበት፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት ደሞ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ስድስት ወር ሙከራ የሚልሽን ጠይቂው። የፅሁፍ ውል ካልተሰጠሽ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጡሽ ይገባል። በሙከራ ጊዜ ካልሆንሽላቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፣ አንቺም እንደዛው ትተሽ መሄድ ትችያለሽ፣ ስለዚ እነዚህን ወራት በደንብ ያዣቸው።

የ27 ዓመት አለቃሽ እትዬ እያለ አንቱ ሊልሽ ይችላል፣ ክብሩን ተቀበዪ ግን ሥራ ሲያዝሽ እንዳይሳቀቅ አንቺው መንገዱን ክፈቺለት፣ "ስሳሳት ሳትሳቀቅ ንገረኝ" በዪው በመጀመሪያው ሳምንት። አለበለዚያ ስህተትሽን ለማረም አፍሮ ዝም ይልና ሙከራሽ ሲያልቅ ነው የምትሰሚው። ማስታወሻ ደብተር ያዢ፣ አንዴ የተነገረሽን ሁለተኛ አትጠይቂ። "በኛ ጊዜ" አትበዪ። ደሞ የቢሮው እናት አትሁኚ። ቡና የምታፈላ፣ ምሳ የምታካፍል፣ የተጣሉትን የምታስታርቅ እየሆንሽ በዛው ትቀሪያለሽ፣ ደግነቱ ጥሩ ነው ግን በነዚህ ወራት በኤክሴልሽ ነው መታወቅ ያለብሽ። ቡናው ይደርሳል።

ቤት በኩል፣ ከመግባትሽ በፊት ባለው ሳምንት አንድ የሥራ ቀን መርጠሽ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥተሽ እስከ መሥሪያ ቤቱ ሂጂ፣ የታክሲ ሰልፉን በዓይንሽ እዪ፣ ሰርቪስ ካለ የት እንደሚያቆም እወቂ። የትራንስፖርቱን፣ የምሳውን፣ ልጅ የሚይዝልሽን ሰው ክፍያ ደምረሽ ከደሞዙ ቀንሺ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሚተርፍሽ ትንሽ ቢሆን እኔ ግቢ ነው የምልሽ፣ ከኪስሽ የምትጨምሪ ከሆነ ግን ሰፈርሽ አካባቢ ሌላ ፈልጊ። እና ከባልሽም ከልጆችሽም ጋር ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሰራ ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ፣ ዝም ብለሽ ከገባሽ ሁለቱንም ሥራ ብቻሽን ነው የምትሸከሚው እና በሦስተኛው ወር የሚወድቀው አዲሱ ሥራ ነው።

የመጀመሪያ ደሞዝ ስትቀበዪ ፔይሮሉን (የደሞዝ ዝርዝሩን) ጠይቀሽ እዪው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከሥራ ግብር ነፃ ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ላይ ነው የሚቆረጠው፣ ጡረታውም 7 ከመቶ ተብሎ ለብቻው መታየት አለበት። የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ኤችአር ጠይቂ፣ ካልወጣልሽ እስኪወጣልሽ ወትውቻቸው፣ ያ ቁጥር ከሌለ የተቆረጠብሽ ብር ላንቺ መመዝገቡን በምን ታውቂያለሽ። ዓመት ሲሞላሽ ደሞ መልቀቅ ባታስቢም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቂ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደሞዝሽን ፅፈው የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ ኮፒውን ከእድሩ ደብዳቤ ጋር አንድ ክላሰር ውስጥ አስቀምጪው።