ለመጪው ዓመት ስንዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ስለ ነገ የማያወራ ገበሬ አይገኝም። በልጉ ይገባል ወይ? ውርጩ ዘንድሮ መቼ ይወርዳል? በግ ለፋሲካ ስንት ያወጣል? ሽንኩርት ይተከል ወይስ ይተው? ጠላ ቤትም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ወሬው ይኸው ነው። የሚጎድለው ከወሬው በኋላ መምጣት ያለበት ነገር ነው፤ «ዝናቡ ከገባ ይህን፣ ከቀረ ያንን፣ እስከዚህ ቀን ድረስ አደርጋለሁ» የሚል ቁርጥ ሐሳብ። አብዛኞቻችን አንድ ነገር ብቻ እንጠብቅና ያለንን ሁሉ በእርሱ ላይ እናስይዛለን። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ምንጫቸው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ዓመቱን በምልክት መፍረድ

ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ከዋለ ዓመቱ ይከፋል ይባላል። «ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» የምንለውም ከዚሁ ተነሥተን ነው። በ2018 ዓ.ም. ሰኔ 1 ሰኞ ነው፤ ከዚያ በፊት በ2001፣ በ2007 እና በ2012 ገጥሟል። በ2007 ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ከሽፎ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ መሆኑ እውነት ነው፤ ምልክቱን የሚያምን ሰው ይህን ይዞ ይሟገታል። እስቲ ወደ ኋላ እንቁጠር። ዛሬም ስሙ የሚያስፈራውን የ1977 ረሀብ ያባባሰው በ1976 ክረምት የዝናብ መጥፋት ነበር፤ የዚያ ዓመት ሰኔ 1 ዓርብ ዋለ። የ1977ቱ ደግሞ ቅዳሜ ነበር። ወሎ ባለቀበት በ1965ም ሰኔ 1 የዋለው ዓርብ ነው። ሰኔና ሰኞ የሚገናኙት በዘመን አቆጣጠራችን ስሌት በ5፣ በ6 ወይም በ11 ዓመት ነው፤ ድርቁ ይህን ስሌት አይከተልም።

በምልክት የሚያምን ሰው በሰኔና ሰኞ ዓመት ቢጠነቀቅ አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠቀማል። ጉዳቱ ምልክት የሌለበት ዓመት ሁሉ ደኅና መስሎት እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ነው።

ትንበያን እንደ ውል መስማት

የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያውን የሚሰጠው ዕድሉን በሦስት ከፍሎ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ 45፣ 35 እና 20 በመቶ ተብሎ ቢነገር ሰሚው የመጀመሪያዋን ቁጥር ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥጋብ ነው ተብሏል» ይላል። 20 በመቶ እኮ ከአምስት ዓመት አንዱ ማለት ነው። ከአምስት አንድ ጊዜ የሚደርመስ ድልድይ ላይ በሬውን የሚነዳ ሰው የለም።

ሌላም አለ። ትንበያው የሚነገረው ለሰፊ አካባቢ ሲሆን የእኛ አገር ደግሞ ገደላም ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ፤ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጣርማ በር ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጥላ ፍለጋ ይሮጣል። ለዚህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃውም። የወቅቱ ትንበያ ቶሎ የሚደርስ ዘር ወይስ የሚዘገይ እንደሚሻል ለመምረጥ ይጠቅማል፤ የሚዘራበትን ቀን ለመቁረጥ ግን ኢንስቲትዩቱ በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን መጠየቅና የራስን ማሳ መቆፈር ይሻላል። እርጥበቱ ስንት ጣት ድረስ እንደ ወረደ ሬዲዮ አይናገርም።

ያለፈውን ዓመት ዋጋ መዝራት

በየዓመቱ ስንደግመው የሚያናድደኝ ስህተት ይህ ነው። በምንጃርም ሆነ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርት ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። አንድ ዓመት ሽንኩርት ይወደዳል፤ ያመረተው ሰው ቤቱን በቆርቆሮ ይከድናል፣ ሞተር ይገዛል። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ በተከታዩ ወቅት ችግኝ ያፈላል፤ ማሳ ይከራያል፤ ለዘርና ለነዳጅ ይበደራል። ችግኙ መደብ ላይ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል፣ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሽንኩርት ገበያ የሚወጣው ከግማሽ ዓመት በኋላ ነው፤ የጎረቤቱም አብሮት። ሽንኩርት እንደ ጤፍ ጎታ ውስጥ ሆኖ ዋጋ አይጠብቅም። ደላላው ይህን ስለሚያውቅ ማሳው ዳር ቆሞ ያሻውን ዋጋ ይሰጣል፤ ገበሬውም መልቀሚያውን እንኳ የማይመልስ ገንዘብ ተቀብሎ ይገባል።

መጠየቅ ያለበት «አምና ስንት ነበር?» ተብሎ አይደለም። «አሁን ስንት ሰው መደብ ላይ ችግኝ አለው?» ብሎ በየመስኖው ዳር መዞር የተሻለ መረጃ ይሰጣል፤ ወጪውም የእግር ጉዞ ብቻ ነው። መደቡ ሁሉ አረንጓዴ ከሆነ ከማሳው ግማሹን ለሌላ ሰብል ማዋል ይገባል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው በቀወት ወረዳ ማሾ የሚዘራም ይህን ልብ ይበል፤ ማሾ በብዛት የሚሸጠው ለውጭ ገበያ ስለሆነ ዋጋው የሚቆረጠው የእኛን ጓሮ በማያውቅ ሰው ነው።

በልግን ማብቂያ ሳያበጁለት መጠበቅ

የመንዝ ደጋ ኑሮው በአብዛኛው በበልግ ገብስ ላይ ነው። ዝናቡ በየካቲትና በመጋቢት ከገባ ገብሱ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። ሲዘገይ ግን «ነገ ይዘንባል» እየተባለ ቀኑ ይገፋል፤ በደረቅ አፈር የተበተነውን ወፍ ይለቅመዋል፤ እንደገና ይበተናል። ዘግይቶ ቢበቅል እንኳ የሚታጨደው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነውና ነዶው ዝናብ እየመታው እላዩ ላይ ይበቅላል። ስለዚህ ገና በጥር ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተነጋግሮ የመጨረሻ ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል። ያ ቀን ካለፈ ማሳው ለመኸር ይቀመጣል፤ በእጅ ያለውም ዘር ይተርፋል።

ከብትና በግን ከከሱ በኋላ ገበያ ማውጣት

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በክፉ ዓመት ሁሉም የሚሸጠው በአንድ ሰሞን ነው፤ እህል ይወደዳል፣ በግ ይረክሳል። አንድ ኩንታል ገብስ ለመግዛት አምና አንድ ሙክት ይበቃ የነበረው ዘንድሮ ሁለት ሦስት ከሲታ ሊጠይቅ ይችላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ አውድማው ሲጸዳ፣ የጭድና የድርቆሽ ክምሩን ዞሮ ማየትና ለስንት እንስሳ እስከ ስንት ወር እንደሚበቃ ማስላት ጥሩ ነው። ከመኖው የተረፈው ወንድ በግ ለገና ወይም ለፋሲካ ገና ሥጋው ሳለ ይሸጥ፤ እናት በጎች ይቆዩ።

የመንዝ ሰው ይህን ጥበብ ከድሮ ያውቀዋል። የጓሳን ሣር አባቶቻችን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩ ነበር፤ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት። የሚከፈተውም ተመክሮበት፣ በተለይም ድርቅ ሲበረታ ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ያ አሠራር ቢፈርስም አካባቢው ዛሬ በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። በጋራ የምናውቀውን በየጓሯችን የምንረሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

በጥር ሸጦ በሐምሌ መግዛት

ሰርጉም፣ ተዝካሩም፣ የማዳበሪያ ዕዳውም አዝመራው በገባ ማግሥት ይከመራል፤ እህል እጅግ የሚረክሰውም ያኔ ነው። ሁሉንም ማስቀረት አይቻልም። ቢያንስ የክረምቱን ቀለብ አስቀድሞ ለይቶ፣ የቀረውን መደገስ።

ዘርና ቀለብን በአንድ ጎታ ማስቀመጥ

ተለይቶ ያልተቀመጠ ዘር በነሐሴ ይበላል፤ በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ዘር ለብቻው ይቀመጥ፤ ከመቀመጡም በፊት ድርቀቱ ይረጋገጥ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ ነው። ጥቂት ከቆየ በኋላ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነውና ፀሐይ ላይ ይመለስ። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ስንዴና ባቄላ ግን አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይፈልጋሉ። ፎስቶክሲን የሚባለውን የነቀዝ ማጥፊያ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ ነቀዙን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ቤተሰብም ይጨርሳል።

ግንቦት ሲገባ ደግሞ ከዘሩ 100 ፍሬ ሳይመርጡ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና ጨርቁ እንዳይደርቅ እየጠበቁ አንድ ሳምንት ማቆየት ነው። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው። 60 ከሆነ ብዛቱን ጨምሮ መዝራት ይቻላል፤ ከዚያ ከወረደ ግን ለቀለብ አድርጎ ሌላ ዘር መፈለግ ነው። በግንቦት ጎረቤት ዘር ይለውጣል፤ በሐምሌ ግን ዘር ያለው ሁሉ የራሱን እየዘራ ነው።