ያገለገለ ላፕቶፕን እንዴት የራስ ማድረግ ይቻላል

የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታ መጣች። ሻጩ «ሁሉም ነገር ተጭኖበታል፣ ከፍተሽ መሥራት ብቻ ነው» ብሏታል። አልዋሸም። ኦፊሱ አለ፣ ፎቶሾፑ አለ፣ ፊልም ሳይቀር አለ። ብሮውዘሩን ስከፍተው ግን የማናውቀው ሰው ጂሜይል ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። አንቲቫይረሱ ውስጥ ገብቼ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ስነካው ደግሞ ጉዱ ወጣ። ሲ ድራይቭ በሙሉ «እንዳይፈተሽ» ተብሎ ተመዝግቧል። ዘበኛው በር ላይ ቆሟል፤ ግቢውን ዞር ብሎ እንዳያይ ግን ተነግሮታል።

ይህን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ክራክ ነው፤ የሚሸጥ ፕሮግራምን ሳይከፍሉ የሚያስከፍተው ማለቴ ነው። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል፤ እኛም እሺ ብለን እናጠፋለን። ከዚያ በኋላ ምን እንደገባ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዙ የተጫነበትን አትመኑ። ሙልጭ አድርጋችሁ አጥፍታችሁ ከባዶ ጀምሩ። ሰው ቤት ሲገዛ የበሩን ቁልፍ ይቀይር የለ? ያው ነው። የሚያስፈልጋችሁ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ፣ የምታምኑት ሌላ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት እና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ነው።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት

«ኮር አይ5 ነው» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ ራስ አትነቅንቁ። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ5-7200ዩ የሚል ከሆነ 7ኛ ጀነሬሽን ነው። አይ5-8250ዩ 8ኛ፣ አይ5-10210ዩ ደግሞ 10ኛ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። በ7ኛ እና በ8ኛ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ጨመር አድርጋችሁ 8ኛውን ውሰዱ።

አሮጌው ቀድሞ እጃችሁ ላይ ካለም አይጣልም። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የዊንዶውስ 10 የደህንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያራዝም ፕሮግራም አለው፤ መመዝገቢያው እዚያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይመጣል። እኔ ግን ኢንተርኔት፣ ጽሑፍ እና ፊልም ብቻ ለሚፈልግ ሰው በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንት እጭንለታለሁ። ነፃ ነው፣ ክራክ አይፈልግም፣ 4 ጊጋባይት ራም ካገኘ ደግሞ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የሚታየው ላፕቶፑ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑ ነው። ገበያችን ውስጥ ካሉት ላፕቶፖች የውጭ አገር ድርጅት ሲጠቀምባቸው የነበሩ አሉ። አንዳንዶቹ ባዮሳቸው (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ) በፓስወርድ የተቆለፈ ነው፤ ሻጩን ፊታችሁ ባዮሱን እንዲከፍት ጠይቁት። የባሰው በድርጅቱ ስም ማይክሮሶፍት ዘንድ የተመዘገበው ነው። ይህ ሱቅ ውስጥ ምልክት አያሳይም። ፎርማት አድርጋችሁ ከኢንተርኔት ስታገናኙት ነው የማታውቁት ድርጅት ስም ብቅ ብሎ «የመሥሪያ ቤትህን ኢሜይል አስገባ» የሚላችሁ። ደግማችሁ ፎርማት ብታደርጉትም ያው ነው። ስለዚህ «የድርጅት ስም ከመጣ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙ፤ ደረሰኙ ላይ ቢጻፍ ደግሞ ይመረጣል። ዘመድ ከውጭ «ቢሮዬ ሰጥቶኝ ነው» ብሎ ሲልክላችሁም ይህንኑ ጠይቁት። እሱ አገር እያለ ቢሮውን አነጋግሮ ማስፈታት ይችላል።

ፍላሹን ማዘጋጀት

በምታምኑት ኮምፒውተር የማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ «ሚዲያ ክሪዬሽን ቱል» የሚባለውን አውርዱ። ክፈቱት፣ ፍላሹን ሰኩ፣ የቀረውን እሱ ይሠራዋል። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። የሚያወርደው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ አስተኙት።

ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ዊንዶውስ ወይም ሱቅ ውስጥ የሚዞረው ፍላሽ አይሁን። እሱንማ ልትገላገሉት ነው ይህን ሁሉ የምትለፉት።

«ፈቃዱስ?» ትሉ ይሆናል። ላፕቶፑ ከፋብሪካው ከዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በኋላ ከመጣ ዊንዶውስ ጋር የተሸጠ ከሆነ የፈቃዱ ቁልፍ (ፕሮዳክት ኪ) አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን አክቲቬት ያደርጋል። ካላደረገ ከስክሪኑ በስተቀኝ ግርጌ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ይታያል፣ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ የስክሪኑን ምስል መቀየርም አትችሉም። የደህንነት አፕዴቱ ግን ይመጣል። ዋናውን ፈቃድ መግዛት ትክክለኛው መንገድ ነው። እስክትገዙ ድረስ ግን ክራክ ከማስገባት ያቺን ደብዛዛ ጽሑፍ መቻል ይሻላል።

መጫን

1. ቻርጀሩን ሰኩ። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ መብራት ሲጠፋ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አታውቁም።

2. ፍላሹን ሰክታችሁ ላፕቶፑን አብሩ፤ እየበራ ሳለ የቡት ሜኑውን (ላፕቶፑ ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር) ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴል እና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ ነው። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ።

3. ፕሮዳክት ኪ ሲጠይቃችሁ «የለኝም» የሚለውን ንኩ።

4. ዲስኩ ተከፋፍሎ የሚታይበት ገጽ ሲመጣ ሰው የሚፈራው እዚህ ጋ ነው። ሌላ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ አሁኑኑ ንቀሉ። ከዚያ የላፕቶፑን ክፍልፋዮች አንድ በአንድ ዲሊት አድርጉ። «አንአሎኬትድ ስፔስ» (ያልተከፋፈለ ባዶ ቦታ) የሚል አንድ መስመር ብቻ ሲቀር ኔክስት በሉ። ዲ ድራይቭ ውስጥ ፊልም አለ ብላችሁ እንዳትሳሱ፤ ቫይረስም እዚያው ሊቀመጥ ይችላል።

5. ደጋግሞ ይጠፋል ይበራል። ቡና አፍሉ።

አካውንቱ ላይ አትቸኩሉ

ዊንዶውስ 11 ሲጀምር የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። በራሳችሁ ኢሜይል፣ በራሳችሁ እጅ ክፈቱ። አንድ ጓደኛዬ አካውንቱን የከፈተለት ላፕቶፑን የጫነለት ልጅ ነበር። ኢሜይሉን አላስታወሰም፣ ፓስወርዱንም አያውቅም፤ በፒን እየገባ ወራት ሠራበት። አንድ ቀን ባዮሱን ሲነካካ ሰማያዊ ስክሪን መጣና 48 አሃዝ ቁጥር ጠየቀው። ዲስኩ ለካ ኢንክሪፕት ሆኗል፤ ያለ ቁልፉ እንዳይነበብ ተቆልፏል ማለት ነው። ቁጥሩ ያለው ደግሞ በዚያ ባልታወቀ አካውንት ውስጥ ነው። የጓደኛዬ ልጅ የክርስትና ፎቶ ሳይቀር እዚያው ተቆልፎ ቀረ።

ኢንክሪፕሽኑ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፋይላችሁን እንዳያይ ያደርጋል። በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ዕትሞች በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ራሱ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ እንደጨረሳችሁ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ የ48 አሃዙን ሪከቨሪ ኪ አውጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። ወረቀቱ ቤት ይቀመጥ። ላፕቶፕ ቦርሳው ውስጥ ካስቀመጣችሁት ለሌባው ቁልፉን አብራችሁ መስጠታችሁ ነው።

ለፓስወርድ የስም መጀመሪያና 123 ይብቃን። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ቀጥላችሁ ጻፉ፤ ጀበና፣ ታክሲ፣ ዝናብ፣ ምስማር ዓይነት። (እነዚህን ግን አይደለም፤ አሁን ሰው ሁሉ አንብቧቸዋል።) ተረትና ምሳሌ ወይም የመዝሙር ስንኝ አትጠቀሙ፤ የታወቀ ነገር ይገመታል። ጂሜይላችሁ እና ቴሌግራማችሁ ላይ ደግሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ።

ቀጥላችሁ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አካውንትስ፣ ከዚያ አዘር ዩዘርስ ውስጥ ሌላ አካውንት ክፈቱ። ዓይነቱ «ስታንዳርድ ዩዘር» ይሁን። የዕለት ሥራችሁን በእሱ ሥሩ፤ የመጀመሪያውን፣ አድሚኑን፣ ፕሮግራም ለመጫን ብቻ ተጠቀሙበት። ልጆች ጌም ሲያወርዱ «የአድሚን ፓስወርድ» እያለ ሲጠይቃቸው ጥቅሙ ይገባችኋል።

አፕዴት፣ ጥቅላችሁን ሳይበላ

መጀመሪያ ዊንዶውስ አፕዴት ግቡና «ሁሉም ተጠናቋል» እስኪላችሁ አፕዴት አድርጉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ደግማችሁ ፈትሹ። ሁለት ሦስት ዙር ይፈጃል። ድራይቨሮቹም (ዋይፋዩን፣ ድምፁን እና ሌላውን ዕቃ የሚያሠሩት ፕሮግራሞች) አብዛኞቹ በዚሁ ይመጣሉ።

አፕዴት የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል፤ በስልክ ሆትስፖት ተገናኝቶ የወሩን ጥቅል በአንድ ከሰዓት የጨረሰ ሰው አፕዴት ሲባል ይመረዋል። ነገር ግን በፈረንጆቹ ሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያተራምስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስኪሰርዙ ድረስ ሲያስቸግር፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ከለቀቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከተመቱት ውስጥ ብዙዎቹ ያንን አፕዴት ያልጫኑ ናቸው።

መላው እንዲህ ነው። ሆትስፖቱን ስታገናኙ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ዊንዶውስ ያኔ አብዛኛውን ማውረድ ያቆማል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ርካሽ ጥቅል ባለበት ሰዓት፣ ራሳችሁ አውርዱ። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ካለ ደግሞ «ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ውስጥ በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉት እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ፍቀዱ። አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእሱ ይወስዳል። ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ፎቶና ዶክመንታችሁን ሳትጠይቁት ወደ ላይ እየጫነ ከሆነም አጥፉት፤ እሱም ጥቅል ይበላል።

አንቲቫይረሱ አብሮ መጥቷል

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለቤት ሰው ይበቃል። ክራክ የተደረገ የታወቀ አንቲቫይረስ ግን አትጨምሩ፤ ሌላ አንቲቫይረስ ሲገባ ዲፌንደር ገለል ይላል፤ ባዶ እጃችሁን ልትቀሩ ነው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ከፍታችሁ «ታምፐር ፕሮቴክሽን» (ሌላ ፕሮግራም ዲፌንደርን እንዳያጠፋው የሚከላከለው) መብራቱን፣ ኤክስክሉዥንስ ደግሞ ባዶ መሆኑን እዩ። ከዚያ ተዉት።

ፕሮግራሞቹን ከባለቤቶቻቸው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ሊብሬ ኦፊስ ነፃ ነው፤ ለማመልከቻም ለሲቪም ይሆናል። ለፊልም ቪኤልሲ አለ። ለአማርኛ መጻፊያም ሌላ ነገር መፈለግ የለባችሁም፤ የቋንቋ ሴቲንግ ውስጥ አማርኛን ጨምሩ፣ ኪቦርዱ አብሮ ይመጣል።

ፍላሽ

እንደኔ ከሆነ አገራችን ውስጥ ትልቁ በር ይሄ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ለማስጠረዝ ፍላሼን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጥቼ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ስሰካው ሁሉም ፎልደር ስሙ እንዳለ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። መጠኑ ደግሞ 2 ኪሎባይት። መቶ ገጽ ጽሑፍ 2 ኪሎባይት ሊሆን አይችልም። ሾርትከት ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ፋይሎቹን አያጠፋቸውም፣ ይደብቃቸዋል። በቦታቸው የሚያስቀምጠውን ቀስት ስትነኩ ግን ራሱን ላፕቶፓችሁ ላይ ይጭናል። እኔ ደንግጬ ነካሁት።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው» ብዬ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» እና «ሂድን አይተምስ» የሚሉትን አብርቻለሁ። የተደበቁት ፋይሎች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ስሙ «ፎቶ» ሆኖ መጨረሻው ኢኤክስኢ የሆነ ፋይል ከቴሌግራም ሲመጣም ወዲያው ይጋለጣል። ፍላሽ ስሰካ ሳልከፍተው ቀኙን ጠቅ አድርጌ በዲፌንደር አስፈትሸዋለሁ። ሕትመት ቤት ደግሞ ከቻልኩ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጌ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። ካልሆነ ለዚሁ የተመደበች አንዲት ፍላሽ አለችኝ። ሌላ ምንም አይቀመጥባትም፤ ስመለስ ፎርማት ትደረጋለች።

ባካፕ

አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ግዙ። በሳምንት አንዴ ሰክታችሁ ፎቶና ዶክመንቱን ገልብጡ፣ ከዚያ ንቀሉት። መንቀሉ የግድ ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የተሰካውንም አብሮ ይቆልፋል። በጣም የማትለቋቸው ጥቂት ነገሮች፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች ፎቶ፣ ከቤት ውጭም አንድ ቅጂ ይኑራቸው። የአክስቴ ልጅ የእሷን ቅጂ እናቴ ቤት፣ ብርጭቆ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለች፤ እናቴ የበዓል ብርጭቆ ባወጣች ቁጥር «ይሄ ነገር አሁንም ይፈለጋል?» ብላ ትደውልላታለች።