የወደቅነው የቱ ጋ ነው? በክረምት መንገድ ሞተር ሲጥለን ትምህርቱን እንዴት እንውሰድ

ሐምሌ ነው። ወረታ አካባቢ ከሩዝ ማሳዎቹ መሀል የሚወጣውን የአፈር መንገድ ጨርሼ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ላይ ልወጣ ስል ካፊያ ጀመረ። ፍጥነቴ እረኛ ሮጦ የሚቀድመኝ ዓይነት ነበር። ገና መታጠፍ ስጀምር ቦክሰሯ ሞተሬ ከሥሬ ወጣች። እኔ በግራ ጎኔ፣ እሷም በግራ ጎኗ፣ ጎን ለጎን ተጋደምን።

ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። "አይዞህ!"፣ "እግዜር አተረፈህ!" ይላል ሁሉም። እኔን ግን ከሕመሙ ይልቅ ሐፍረቱ ባሰብኝ፤ ሞተሯን ቶሎ አንስቼ ከዚያ መሰወር ነበር ሐሳቤ። ማንም ሳይጠይቀኝ "መንገዱ አንሸራተተኝ እኮ" አልኩ። አንድ ሽማግሌ ታዲያ በዱላቸው ወደ ኋላ እያመለከቱ፣ "አይ ልጄ፣ አንተ የወደቅኸው እዚህ አይደለም፤ እዚያ ጋ ነው" አሉኝ።

ዞሬ አየሁ። ጋሪና ትራክተር ከማሳ ይዞት የወጣው ዋልካ አስፋልቱ ላይ እንደ ሊጥ ተለስኗል። በላዩ የፊት ጎማዬ ጥርሱ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ ታትሞ ይመጣና፣ ከተጋደምኩበት አራት እርምጃ ያህል ሲቀረው ጥርሱ ድንገት ጠፍቶ ልሙጥ ጭረት ይሆናል። ጥርሱ የጠፋው ጎማው መሽከርከር ያቆመበት ቦታ ላይ ነው። የፊት ጎማውን የሚይዘውን የእጅ ፍሬን የጨበጥኩት እዚያ ላይ ነበር ማለት ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ "መንገዱ አንሸራተተኝ" የሚለውን መልስ አልቀበልም፤ ከራሴም ቢሆን። መንገዱማ ክረምቱን ሙሉ ያንሸራትታል፤ ያን ቀን ግን ከእኔ በፊትም በኋላም ያለፈ ሁሉ አልወደቀም። በቀስታ መውደቅ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ተነስቶ ምልክቱን ለማየት የሚያስችል ጤና ያስተርፋል። እንዴት እንደሚታይ ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ገላችሁን

ሞተሩን አጥፉና ከመንገዱ ዳር ውጡ፤ ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስም በዚያው ጭቃ ላይ ነው ፍሬን የሚይዘው። ከዚያ ቁጭ በሉ። ድንጋጤ ሕመም ይደብቃል፤ "ምንም አልሆንኩም" ብሎ አሥር ኪሎ ሜትር ነድቶ ከዚያ እግሩን መርገጥ ያቃተው ብዙ ነው።

ሰው ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ የእጅ አንጓው ብዙ ጊዜ ይጎዳል። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ስትዘረጉት ከሥሩ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሀል ትንሽ ጉድጓድ ትታያለች። እሷን ስትጫኗት ካመማችሁ ነገሩን በወለምታ አትለፉት። በዚያ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ የመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች፤ ስለዚህ ሐኪም እጁን አስሮ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ራጅ ያነሳል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት ይህችን አጥንት አይጠቅማትም። ችላ ከተባለች ሳትገጥም ቀርታ ለዓመታት ልታስቸግር ትችላለች።

ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እግራችሁን ካቃጠለው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ጭንቅላታችሁ ከተመታና ካስመለሳችሁ፣ ከተምታታባችሁ፣ ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ የዚያን ቀን መንዳት አበቃ፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ። አስፋልት የመታው ሄልሜትም ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ሥራውን ጨርሷል፤ ዋጋው እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፣ ግን ይቀየር።

ሞተሩን ማንሳት

ቦክሰርና መሰሎቿ ከ110 እስከ 130 ኪሎ ስለሚመዝኑ አንድ ሰው ያነሳቸዋል፤ ወገቡን ካልሰበረ። የነዳጁን መዝጊያ ዝጉ። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድማችሁ አውጡት፤ አለዚያ ካነሳችሁት በኋላ በወዲያኛው ጎን ታወርዱታላችሁ (ተመልካቹ እንዴት እንደሚስቅ አልነግራችሁም)። እንዳይንከባለል ማርሽ ውስጥ ይሁን። መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን አዙራችሁ ጨርሱ፣ ጀርባችሁን ለኮርቻው ስጡና ቁጢጥ በሉ፣ በአንድ እጅ የታችኛውን የመሪ እጀታ በሌላው የኋላውን ብረት ያዙና በእግራችሁ እየገፋችሁ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ጉልበቱ ከእግር እንጂ ከወገብ አይደለም።

ከመነሳታችሁ በፊት ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ራሱ ተመላሽ መሆኑን፣ የእግር ፍሬኑ አለመታጠፉን፣ መሪው አለመጣመሙን እዩ። ተጋድሞ የቆየ ሞተር ካርቡሬተሩ ቤንዚን ስለሚጠጣ እምቢ ሊል ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ታገሡት፣ ከዚያ ቾክ ሳትስቡ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍታችሁ በእግር አስነሱት።

ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እዩ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከተጋደማችሁበት ተነስታችሁ በመጣችሁበት መስመር ወደ ኋላ በእግር ሂዱ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሴኮንድ አምስት ሜትር ተኩል ትጓዛላችሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሚገኘው ከወደቃችሁበት አምስትም አሥርም ሜትር ርቆ ነው። መሬቱን በጫማችሁ ሶል ፈትሹት፤ እግር የሚያንሸራትት ነገር ጎማንም ያንሸራትታል። ፎቶ አንሱ። ከዚያ ራሳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቀድሞ የከዳኝ የትኛው ጎማ ነው? ያኔ ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ ምን እያደረጉ ነበር? ዓይኔስ የት ነበር? ሦስተኛው መልሱ ብዙ ጊዜ "ጉድጓዱ ላይ" ነው፤ ሰው ያየው ነገር ውስጥ ይገባል።

እኔ እስካሁን በራሴም በጓደኞቼም ያየሁት አወዳደቅ አራት ዓይነት ነው።

የፊት ጎማ ሲከዳ ማስጠንቀቂያ የለውም። "ልወድቅ ነው" የምትሉበት ጊዜ ካልነበራችሁና ወደ ታጠፋችሁበት ጎን ከወደቃችሁ ይኸው ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው እየታጠፉ የእጅ ፍሬን መያዝ ነው። ጎማ መሬቱን የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው፤ መታጠፊያው ወስዶት ሳይበቃ ፍሬኑም ሲሻማበት ያልቃል። ፍጥነት የሚቀነሰው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ከመታጠፊያው በፊት ነው። ጭቃው ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ከፍሬኑ ተላቆ መገኘት አለበት።

የኋላ ጎማ ሲከዳ ጭራው ይወዛወዛል፣ ልባችሁም አብሮ፤ ግን ጊዜ አላችሁ። የእግር ፍሬኑን አብዝታችሁ ረግጣችሁ ጎማውን አድርቃችኋል (መሽከርከሩን አቁማችኋል)፣ ወይም ማርሽ ቀንሳችሁ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቃችኋል፣ ወይም ዳገት ላይ ነዳጅ አብዝታችኋል። ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ እግራችሁን ለቀቅ፣ ዓይናችሁን ሩቅ ብታደርጉ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ከተጣመመ በኋላ ፍሬኑን ድንገት መልቀቅ ግን ወደ ወዲያኛው ጎን ሊወረውር ይችላል።

ሦስተኛው ሞተር መሀል መንገድ ላይ ሲጠፋ ነው። ቀስ ብለው ሲዞሩ፣ በተለይ ጠባብ ኮብልስቶን ላይ፣ መሪው እንደተጠመዘዘ ሞተሩ ይሞትና ወደ ዞረበት ጎን እንደ በሰለ ፍሬ ዱብ ይላል። እዚህ መንገዱን መክሰስ ከንቱ ነው፤ በግማሽ የተያዘ ፍሪሲዮን፣ ያልተቋረጠ ትንሽ ነዳጅና በስሱ የተነካ የእግር ፍሬን ያድኑት ነበር።

አራተኛው ቆሞ መውደቅ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍር ስለሆነ አይወራም። ሞተሩ ቆሟል፣ ያወረዳችሁት እግር ግን ያረፈው ጭቃ፣ ዘይት ወይም ያጋደለ ጠርዝ ላይ ነው። ከኋላ ሰው ከተፈናጠጠ ደግሞ ክብደቱ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ከመቆማችሁ በፊት እግራችሁ የሚያርፍበትን ምረጡ። በጉዞ ላይ ሳላችሁ ግን ሚዛን ለመጠበቅ ብላችሁ እግር አትዘርጉ፤ ቁርጭምጭሚት ሞተሩ ሥር የሚቀረው እንዲያ ነው።

ሜዳ ላይ መልሳችሁ ሞክሩት

አሜሪካ ውስጥ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው ተገኝተው የመረመሩት ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቻቸው በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት፣ አደጋ ፊት ለፊት ሲመጣ አብዛኛው ነጂ የኋላውን ፍሬን አብዝቶ ረግጦ ጎማውን እንደሚያደርቅ፣ የፊቱን ደግሞ እንደሚያሳንስ አስፍረዋል። እኛ ዘንድ "የፊት ፍሬን ይገለብጣል፣ አትንካው" የሚል ምክር ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሲወርድ ኖሯል። የማይነካ እጅ ግን በጭንቅ ቀን ባንዴ ይጨብጣል፤ እኔ የወረታው ዕለት እንዳደረግሁት።

ስለዚህ ዝናብ ያራሰው የኳስ ሜዳ ፈልጉ፤ ሣር ያለው ቢሆን ይመረጣል። ረጅም ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ጓንትና ሄልሜት ይኑር። ቀጥ ባለ መስመር በሰዓት 15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ መጀመሪያ የእግር ፍሬኑን ብቻ ጎማው እስኪደርቅ ርገጡና ጭራው ምን እንደሚያደርግ ቂጣችሁ ይወቀው። ከዚያ የእጁን በሁለት ጣት፣ እንደ ሎሚ ጭማቂ ቀስ እያላችሁ ጨምቁ። ጎማው ሲንሸራተት ከተሰማችሁ ወዲያው ልቀቁ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ ለተያዘ የፊት ጎማ ያ ክብደት መሬቱን እንዲነክስ ይረዳዋል፣ ባንዴ ለተያዘ ግን ሳይደርስለት ይቀራል። ኤቢኤስ የሚባለው ፍሬን ያለው ሞተር ጎማው ሊደርቅ ሲል ፍሬኑን በራሱ ለቀቅ ያደርጋል፤ እኛ የምንነዳቸው ትንንሾቹ ግን አብዛኞቹ የላቸውም።

ቁጥሩንም እወቁት። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል፤ ጭቃ የተለሰነ መንገድ ላይ ከአምስት ሜትር ያልፋል። ፍጥነቱን 30 ብታደርጉት ጭቃው ላይ አሥራ ሁለት ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሐሳባችሁ እስኪነቃ የምትሄዱትን ሳይጨምር ነው።

ሌላው ልምምድ የኤሊ ውድድር ነው፦ እግር መሬት ሳይነካ አሥር ሜትር ላይ መጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል፣ ቀድሞ የገባ ቡና ይጋብዛል። ሦስተኛውን ዓይነት አወዳደቅ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር አላየሁም።

መሬቱን አስቀድሞ ማወቅ

ከዶፍ ይልቅ የካፊያው መጀመሪያ ይከፋል፤ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ሳይታጠብ ከውኃው ጋር ይለወሳል። የዘብራው ቀለም፣ የጉድጓድ ብረት ክዳን፣ መናኸሪያና ነዳጅ ማደያ በር ላይ የፈሰሰ ናፍጣ (ሲርስ ቀስተ ደመና ይሠራል)፣ መኪና ያለሰለሰው ኮብልስቶን፣ ሁሉም በቀጥታ መስመር ነው የሚታለፉት። ደረቅም ይጥላል፦ በአጨዳ ወቅት አንዳንድ ቦታ አስፋልት ላይ የሚሰጣው እህልና ጭድ ከጭቃ አይሻልም።

የዋልካ አገር ሰዎች ደግሞ የፊት ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) አትርሱ። ዋልካ ከጎማው ጋር እየተጠቀለለ ፓራፋንጎው ሥር ይታጨቅና ፍሬን ሳትነኩ ጎማውን ያቆመዋል። ባለፋችሁበት መንደር ሁሉ ቆማችሁ በእንጨት ፈልፍሉት። ጅረት ከተሻገራችሁም የቦክሰር ዓይነቱ የታምቡር ፍሬን ውኃ ይዞ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ይይዛል፤ እየነዳችሁ በስሱ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁት። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ላይ ስለ ፍሬን አያያዝ ማውራት ደግሞ ምንም አይጠቅምም፤ መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ። አዲስ ጎማም ላዩ ልሙጥ ስለሆነ የመጀመሪያውን መቶ ኪሎ ሜትር በልክ ንዱት።

እኔ ኮርቻዬ ሥር ትንሽ ደብተር አለችኝ። ለእያንዳንዱ አወዳደቅ ሦስት ነገር ብቻ እጽፋለሁ፦ የትኛው ጎማ፣ የትኛው እጅ ወይም እግር፣ ምን ዓይነት መሬት። የወረታው "ፊት፤ ቀኝ እጅ፤ ዋልካ" ይላል። ከሱ በታች ያለው፣ በግ ነጂዎች ሁሉ ያዩኝ ዕለት የተጻፈው፣ "ሁለቱም ጎማ ቆሞ ነበር፤ ግራ እግር፤ የላም እበት" ይላል።