የመሪ ዘይት ሲጎድል፣ መሪ ሲጮህና ሲከብድ፦ ችግርና መፍትሄ

የመሪ ዘይት የሚዞርበት መስመር ዝግ ነው። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ ይገባል፤ ፓምፑ በከፍተኛ ግፊት የመሪውን ዙር ወደ ፊት ጎማዎቹ ወደሚያስተላልፈው መሪ ማርሽ ይልከዋል፤ ከዚያም በመመለሻው ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመጣል። ስለዚህ ጎድሎ ካገኙት በአንድ በኩል ወጥቷል ማለት ነው። መውጫውን ሳይፈልጉ በየሳምንቱ እየጨመሩ መንዳት ውሎ አድሮ ፓምፑን ይበላል።

በመጀመሪያ መኪናዎ የመሪ ዘይት እንዳለው ያረጋግጡ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2005 ወዲህ የተሠሩት ቪትዝና ያሪስ መሪያቸውን የሚያግዘው ኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ ዘይትም ፓምፕም የላቸውም። እዚህ የምጽፈው ስለ ባለዘይቶቹ፣ ለምሳሌ ስለ ቆዩት ኮሮላዎች ነው።

መሪው ሲዞር ይጮሃል

ሁለት ድምፆችን ይለዩ። መሪው ጥግ ሊደርስ ሲል ጭርር የሚል ቀጭን ድምፅ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፤ ላልቷል፣ አለዚያም ደርቆ ይንሸራተታል። ይወጠር፣ ከተሰነጣጠቀም ይቀየር።

እንደ ማቃሰት ያለ ወፍራም ድምፅ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተው አረፋ መኖሩን ይመልከቱ። ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር በታች ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ። ልኩ ላይ ሆኖም አረፋ ከሠራ ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ቱቦ ይጠርጥሩ። እዚያ ፓምፑ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ በመሆኑም የደረቀ ኦሪንግ (መጋጠሚያውን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ወይም የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) አንዲት ጠብታ ሳያፈስ አየር ያስገባል። ደህና ፓምፕ በከንቱ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። መካኒኩ ፓምፕ ይግዙ ካለዎት አስቀድሞ ርካሹን ኦሪንግ እንዲቀይርልዎ ይጠይቁት።

መሪው ይከብዳል

የፊት ጎማዎችን ነፋስ ሳይለኩ ምንም አይንኩ። ነፋሱ ልክ ከሆነ የሚከብድበትን ሰዓት ያስተውሉ። መኪና ሲያቆሙ ከብዶ ነዳጅ ሲሰጡት የሚቀል ከሆነ ቺንጋው ላልቷል ወይም ፓምፑ ደክሟል። ወደ አንድ ጎን ብቻ ከከበደ ጥፋቱ ከመሪ ማርሹ ውስጥ ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት ከብዶ ሲሞቅ የሚቀል ከሆነም ዘይቱን የሚያሽጉት የማርሹ የውስጥ ጎሚኒዎች አርጅተዋል፤ ይህ በዘይት ቅያሪ አይድንም። ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነ ደግሞ በማጠራቀሚያው ግርጌ ያለው ወንፊት መደፈኑን ይመልከቱ።

መሬት ላይ ዘይት ይታያል

ቱቦዎቹንና ፓምፑን በጨርቅ ጠርገው ከሥር ካርቶን ያንጥፉ፤ ሌላ ሰው መሪውን እያዞረ ይመልከቱ። የግፊቱን ቱቦ በእጅዎ አይዳስሱ፤ በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። በመሪ ማርሹ ሁለት ጫፎች ያሉትን የተሸበሸቡ የጎማ መሸፈኛዎች ጫን ብለው ይዩ። በውስጣቸው ዘይት ከተጠራቀመ የማርሹ ጎሚኒ አልቋል። መሸፈኛው ብቻ ከተቀደደ ሳይዘገዩ ይቀይሩት፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ በቀዳዳው የሚገባው አቧራና ጭቃ ዘንጉን ይፍቀዋል፣ የተፋቀው ዘንግ ደግሞ ጎሚኒውን ይበላል።

ዘይቱ ይጎድላል፣ መሬቱ ግን ንጹሕ ነው

በዚህ ራሴ ተንገላትቻለሁ። የቆየች ኮሮላዬ የመሪ ዘይቷን በሦስት ሳምንት ትጨርስ ጀመር። ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ያድራል፤ ከጭስ ማውጫው ግን ነጭ ጭስ ይወጣል። የወሰድኳት ጋራዥ ሞተሩ መከፈት አለበት አለ። ሌላ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ብሄድ፣ ከፓምፑ ላይ ካለች ትንሽ ቫልቭ ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቅለው ጫፉን በነጭ ጨርቅ ጠረጉት። ጨርቁ ቀላ።

ያቺ ቫልቭ መሪ ሲከብድ ሞተሩ እንዳይጠፋ አየር የምትጨምርለት ናት። ውስጧ ሲበላ ሞተሩ በዚያው ቱቦ ዘይቱን ስቦ ያቃጥለዋል። ቫልቯና ቱቦው ተቀየሩ፤ ጭሱም ቆመ። በእነዚህ ኮሮላዎች ላይ ሞተር ከማስከፈትዎ በፊት ይህን ቱቦ ነቅለው ይመልከቱ።

የትኛው ዘይት?

ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የቆዩ ቶዮታዎች ዴክስሮን 2 ወይም 3 የተባለውን ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይወስዳሉ። ሆንዳ የራሱን የመሪ ዘይት ይፈልጋል፤ ቀዩን አይቀበልም። የፍሬን ዘይት ግን ለየትኛውም አይሆንም፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። በስህተት ከጨመሩ ሞተሩን ሳያስነሱ መስመሩ በሙሉ ይታጠብ።

የጠቆረ ዘይት ለመቀየር ከማጠራቀሚያው በትልቅ ስሪንጅ ቀድተው አዲስ ይሙሉ፤ ጥቂት ቀናት ነድተው ይድገሙት። በሦስተኛው ዙር ቀለሙ ይጠራል።

አየር ማስወጣት

ቱቦ ወይም ኦሪንግ ከተቀየረ በኋላ ይህ አይዘለልም። ፊቱን በክሪክ አንስተው በማስደገፊያ ያሳርፉ፤ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከጥግ ጥግ ቀስ ብለው 15 ወይም 20 ጊዜ ያዙሩ፣ የጎደለውንም እየጨመሩ። አረፋው ሲቀንስ ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ጊዜ ይድገሙት። ጥግ ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ አይያዙ፤ ፓምፑ በሙሉ ግፊት ስለሚጨነቅ ዘይቱ ይፈላል። አረፋው እምቢ ካለ ሞተሩን አጥፍተው ለአንድ ሰዓት ይተዉትና እንደገና ይጀምሩ።