በፕላስቲክ ጣውላና ጡብ ቤት ልትሰሩ ያሰባችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች እኔ ሰርቼላችኋለሁ

የሰራሁት ሰርቪስ ቤት ነው፣ ሰበታ አካባቢ፣ 3 በ4 የሆነች አንድ ክፍል። ከተጣለ ፕላስቲክ የተሰራ ጣውላ አገኘሁና "አይበሰብስም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ብርድ አያስገባም" ሲሉኝ በቃ ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው፣ የተሸወድኩት ሶስተኛው ላይ ነው።

ፕላስቲክ ስለሆነ ብቻ ብርድ ይከላከላል ማለት ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ድፍን ፕላስቲክ ከአርማታ ያነሰ ሙቀት ያሳልፋል፣ እሱ ልክ ነው፣ በመሀንዲሶቹ የሙቀት ማሳለፍ መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ የሚያልፈው ሙቀት ያንሳል) አርማታ 1.4 አካባቢ ሲሆን ጀሪካን የሚሰራበት ፖሊኤትሊን ከ0.4 እስከ 0.5 ነው። ግን ነጩ ፎም 0.04 አካባቢ ነው! ፎም ራሱ ፕላስቲክ አይደል እንዴ፣ ልዩነቱ ውስጡ የታሰረው አየር ነው፣ ብርዱን የሚያቆመው አየሩ እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም። የኔ ጣውላ 3 ሴንቲ ድፍን ነበር፣ ባለ ቀዳዳው ባለ 20 ብሎኬት ከሱ በብዙ ይሻላል፣ ህዳር ላይ ሌሊት ሌሊት ገባኝ። ስለዚህ ስትገዙ ውፍረቱን ብቻ አትጠይቁ፣ ውስጡ ክፍት ነው ወይስ ድፍን በሉ፣ ድፍን ከሆነ ሁለት ደርብ አድርጋችሁ መሀሉ ላይ ፎም ክተቱበት።

ደሞ ግድግዳ ግድግዳ እንላለን እንጂ ቆርቆሮው እኮ ነው ቀን የሚያቃጥለን ሌሊት የሚያንዘፈዝፈን። ኮርኒስ የሌለው ቤት ላይ ግድግዳ ማሳመር ብር መበተን ነው። የማዳበሪያ ኮርኒስን ታውቁታላችሁ አይደል፣ ጆንያው ተሰፍቶ ተወጥሮ ቀለም የሚቀባው፣ ያ ማዳበሪያ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ እናቶቻችን ሪሳይክል ምናምን ሳይሉት ስንት ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ጆንያው ራሱ ስስ ነው፣ የሚጠቅመው ከቆርቆሮው ጋር መሀል ላይ የሚያስቀረው አየር ነው። ብሩ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ አሁን ኮርኒሱን ነው የማስቀድመው፣ ከላዩ ፎም ወይ የተጣለ ስፖንጅ ቢነጠፍበት ደሞ በጣም አሪፍ ነው (ከኤሌክትሪክ መስመሩ ግን አርቁት)።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ያገሩን አየር ነው። አብዛኛው አዲስ አበባና ሰበታ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ ቀን ፀሀይ ሌሊት ብርድ፣ እንዲህ ያለ ቦታ የቀኑን ሙቀት ጠጥቶ ማታ የሚተፋ ከባድ ነገር ይፈልጋል፣ የጭቃ ቤትና የድንጋይ ቤት የሚመቸው ለዛ ነው። ቀላል የፕላስቲክ ክፍል ግን ቀን 7 ሰዓት ላይ ፀሀይ ላይ የቆመ ሚኒባስ ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደሞ በረዶ። እኔ በኋላ ወለሉን ወፍራም ሲሚንቶ አድርጌ ትንሽ ተሻሻለ። ሃይላንድ ውስጥ አፈር ሞልተው ግድግዳ የሚሰሩትም ያገኙት ይሄንኑ ክብደት ነው፣ አፈር የተሞላ ሃይላንድ ፎም አይደለም፣ ሁለቱን አታምታቱ። ሰመራ ላይ ከሆናችሁ ሌሊቱም ስለማይበርድ ነገሩ ይገለበጣል፣ እዛ ጥላና ፎም ነው የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ሚስማሩ። እኔና ግንበኛው ጣውላውን ከብረቱ ጋር ጥርቅም አድርገን መታነው፣ እንጨት መሰለን። ፖሊኤትሊን ሲሞቅ ከብረት ከ10 እጥፍ በላይ ይለጠጣል፣ 4 ሜትር ጣውላ በ20 ዲግሪ ልዩነት ብቻ 1 ሴንቲ አካባቢ ይረዝማል፣ ብረቱ 1 ሚሊ እንኳን አይሞላም። ከዛማ ቀን ቀን ግድግዳው ሆዱን ነፋ፣ ሌሊት ሲሰበሰብ በየመገጣጠሚያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት፣ ንፋሱ እንደልቡ ይገባል፣ ታዲያ የቱ ሙቀት ነው የሚያዘው? ቀዳዳውን ሞላላ አድርጋችሁ በብሎን ያዙት፣ አታጥብቁት፣ ጫፍ ለጫፍ ክፍተት ተውና ክፍተቱን ለስላሳ ጎማ ወይ ሌላ ጣውላ ደርቡበት። ሲሊኮን ፖሊኤትሊን ላይ በደንብ አይይዝም፣ ሞክሬዋለሁ።

ቀለምና ልስንም እንደዛው፣ ዝም ብሎ ቢለሰን በወሩ ይረግፋል፣ መጀመሪያ ወንፊት ሽቦ ወጥሮ ነው። "ጣውላው ያምራል፣ አልለስነውም" የምትሉ ደሞ የደጋው ፀሀይ ሃይለኛ ነው፣ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል። ጥቁሩ (የካርቦን ዱቄት ያለበት) ፀሀይን ይችላል፣ ግን ጥቁር ስለሆነ ሙቀት ይስባል፣ በቃ የጣራውን ክዳን ወጣ አርጎ ማስረዘም ነው የሚሻለው።

ጡቡን ራሴ ግቢ ውስጥ አቅልጬ እሰራለሁ የሚል ጓደኛ አለኝ፣ ቪዲዮ አይቶ ነው። አይቮሪ ኮስት ውስጥ ዩኒሴፍ ኮንሴፕቶስ ፕላስቲኮስ ከሚባል የኮሎምቢያ ድርጅት ጋር የትምህርት ክፍሎች ከፕላስቲክ ጡብ አሰርቷል፣ እዚሁ አዲስ አበባም ኩቢክ የሚባል ድርጅት እየተገጣጠመ የሚቆም የግድግዳ ጡብ ያመርታል፣ እነሱ ግን ፋብሪካ ነው ያላቸው እንጂ በርሜልና እንጨት አይደለም። የሃይላንዱ ፕላስቲክ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጀሪካኑ 130 ላይ፣ አንድ ላይ ብትከቷቸው አይዋሃዱም፣ ጡቡም ይፈረፈራል። መሀላቸው የፒቪሲ ቱቦ ወይ የሽቦ ልባስ ካለ ጭሱ አሲድ ነው፣ ሳምባ ይበላል። ከቆራሌው ስትገዙ ቆርጣችሁ ውሀ ውስጥ ጣሉት፣ ጀሪካን፣ ፌስታልና ክዳን ይንሳፈፋሉ፣ ሃይላንድና ፒቪሲ ይሰምጣሉ።

ሸክም አታሸክሙት፣ ፕላስቲክ ክብደት ሲቆይበት ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ ጣራውን ኮለኑ ይሸከም። ማድቤት ደሞ በጭራሽ፣ እንጨትም ከሰልም ምጣድም ያለበት ግድግዳ ብሎኬት ወይ ድንጋይ ይሁን፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የመጨረሻው ክረምት ላይ የመጣብኝ ነው። ክፍተቱን ሁሉ ደፍኜ ጨረስኩና ነሀሴ ላይ ግድግዳው በውስጥ በኩል ያልበው ጀመር፣ ፍራሹ ሻገተ። ጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ፕላስቲክ አይጠጣም፣ የሰው ትንፋሽና የሻይ እንፋሎት ሁሉ ግድግዳው ላይ ውሀ ይሆናል። ከላይ ከኮርኒሱ ስር በሁለት ወገን ፊት ለፊት ቀዳዳ አውጥቼ ወንፊት ሰፋሁበት፣ ፍራሹን ግን ጣልኩት።