የግጥም ምሽትን ባዶ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የግጥም ዝግጅቶችን ሳሰናዳ፣ «ሰው ግጥም አይወድም» የሚለውን ምክንያት ከጀማሪ አዘጋጆች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ባገኙበት አገር፣ መንዙማና እንጉርጉሮ እየሰማ ያደገን ሰው እንዲህ ማለት የራስን ጥፋት በአድማጭ ላይ መጫን ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ታዳሚን ማስጠበቅ ነው። 9 ሰዓት ተብሎ የተጠራው ዝግጅት የክብር እንግዳው እስኪመጡ ድረስ ተብሎ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። በሰዓቱ የተገኘው፣ ግጥሙን ከማንም አብልጦ የፈለገው ሰው፣ ባዶ መድረክ ሲያይ ይቆያል፤ የዘገየው ግን ምንም ሳያመልጠው ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ወጥታ የመጣች ተማሪ፣ ልትሰማው የጓጓችለት ገጣሚ ወደ መድረክ ሲወጣ፣ ሚኒባስ እንዳታጣ እርሷ ወደ በሩ ስትሄድ አይቻለሁ። ዝግጅቱን የመራሁት እኔ ነበርሁና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሚቀጥለው ወር እርሷም፣ ይዛቸው ትመጣ የነበሩት ጓደኞቿም ቀሩ። እባካችሁ፣ አሥር ሰው ብቻ ቢኖርም በተባለው ሰዓት ጀምሩ፤ የክብር እንግዳው ሲደርሱ በሁለት ግጥሞች መካከል ገብተው ይቀመጣሉ።

ሰዓት ስትመርጡም የከተማውን ኑሮ ተመልከቱ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀመር ዝግጅት መግሪብን መሃሉ ላይ ያገኘዋል፤ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ በሚኖሩበት ወሎ ደግሞ አንዱ ለሶላት ሲነሣ አብሮት የመጣው ጎረቤቱም ይከተለዋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ አምና የተመቸ ቀን ዘንድሮ ከአፍጥር ጋር ሊጋጭ ይችላል።

በሐምሌና በነሐሴ ደጅ ላይ አታዘጋጁ።

ሰፊ አዳራሽ መከራየትም ክብር መስሎ የሚያታልል ስህተት ነው። አርባ ሰው በአምስት መቶ ወንበር መካከል ተበታትኖ ሲቀመጥ ገጣሚው ድምፁ ይሰበራል፣ አድማጩም የተሳሳተ ቦታ የመጣ ይመስለዋል፤ ያው አርባ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሲቀመጥ ግን አንዱ የነካው ስንኝ ሌላውንም ይነካዋል።

ቴሌግራም ላይ ለጥፎ መተው ጥሪ አይደለም። እያንዳንዱ ገጣሚ አምስት ሰው በስም እንዲጠራ አደራ በሉት፤ «ጋሼ፣ ይምጡልኝ» የተባለ ሰው ሳይመጣ ቢቀር እንኳ ምክንያቱን ይናገራል።

በመጨረሻም አሥራ አምስት ገጣሚ በአንድ ምሽት አታሰልፉ፤ እያንዳንዱ አንብቦ ሲጨርስ ወዳጆቹን ይዞ ይወጣልና የመጨረሻው ለወንበር ያነባል። ስድስት ይበቃሉ። የቀሩትን ለሚቀጥለው ወር አቆዩአቸው፤ ቀኑንም ታዳሚው ከመቀመጫው ሳይነሣ ንገሩት።