በቀለበት መንገድና በወንዝ የተከፈለ ሰፈርን መልሶ ማገናኘት

አዲስ አበባ ውስጥ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለዩት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ወንዝ፣ ቀለበት መንገድና ቀላል ባቡር። የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች ከከተማዋ በፊት ነበሩ። ቀለበት መንገዱ ግን ነባር ሰፈሮችን ሰንጥቆ ነው ያለፈው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች ጎዳናውን መሀል ለመሀል አጥሮታል። እድሩ ወዲህ፣ ደብሩ ወዲያ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ማዶ የሆነበት ቤተሰብ ብዙ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ሲፈለግ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ በወንዙ ወይም በመንገዱ ዳር ረጅም አረንጓዴ መንገድ መዘርጋት ነው። መሻገሪያ ከሌለው ግን እሱም ሌላ አጥር ይሆናል፤ ሰው ዳር ለዳር ይንሸራሸርበታል እንጂ ማዶ አይደርስበትም። ስለዚህ ዕቅዱ ከመሻገሪያዎቹ ይጀምር። በሴኡል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የቾንግዬቾን ወንዝ ዳርቻ 5.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ሲኖረው 22 ድልድዮች አሉት፤ በአማካይ በየ260 ሜትሩ አንድ ማለት ነው። ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርባቸው ሰፈሮቻችንም ከ200 እስከ 250 ሜትር ባለው ርቀት አንድ መሻገሪያ ማሰብ ተገቢ ነው።

መጀመሪያ ሕዝቡ የሚሻገርበትን ፈልጉ

አጥሩ የት ተሰብሯል? ሣሩ የት ተረግጦ አልቋል? በወንዙ ውስጥ ድንጋይ የተደረደረው የት ነው? እነዚህን ሁሉ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በአንድ የሥራ ቀን፣ በአንድ ቅዳሜና በአንድ እሑድ ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀኑ 6 እስከ 8፣ ከምሽቱ 11 እስከ 1 ሰዓት የሚሻገረውን ሰው በየ15 ደቂቃው ቁጠሩ። ልጆችን፣ አረጋውያንን፣ ዕቃ የተሸከሙትንና ጋሪ የሚገፉትን ለየብቻ መዝግቡ። ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ከያዛችሁ መሻገሪያው ለጎልማሳ ወንድ የሚበቃ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ርቀቱን አስሉ። ሰውየው በእግሩ የሚሄደውን ርቀት ቀጥታ ቢሄድ ኖሮ በሚጓዘው አካፍሉት። ከ1.5 በታች ከሆነ ደህና ነው። ማዶው 60 ሜትር ላይ ሆኖ 420 ሜትር የሚያስዞር ከሆነ ውጤቱ 7 ነው። እዚያ ቦታ ላይ የቱንም ያህል ጠንካራ አጥር ቢቆም ሰው መዝለሉን አይተውም።

የመሻገሪያውን ዓይነት መምረጥ

በተቻለ መጠን እግረኛው ሳይወጣና ሳይወርድ ይሻገር። የእግረኛ ድልድይ ባዶ የሚቀረው ሕዝቡ ሕግ ስለማያከብር ሳይሆን ስለሚያደክም ነው። ስሌቱ ይኸው፦ 6 ሜትር ከፍታ ያለው ድልድይ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ (በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር የሚያድግ) ከተሠራለት 72 ሜትር ይፈልጋል። በየ9 ሜትሩ የ1.5 ሜትር ማረፊያ ሲጨመርበት ከ82 ሜትር ያልፋል። መውረጃው ደግሞ ሌላ 82 ሜትር ነው። ይህን ለማስቀረት ሲባል ደረጃ ብቻ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡሯም ሸክም ያለበትም ከታች በመኪኖች መካከል ይሮጣሉ።

ቀለበት መንገድን በመሰለ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ዜብራ መቀባት ብቻውን ሰው ያስገድላል። እዚህ የከተማዋ ኮረብታማነት ይረዳናል። መንገዱ መሬት ተቆፍሮለት ዝቅ ብሎ የሚያልፍበትን ቦታ ፈልጋችሁ ድልድዩን እዚያ ካስቀመጣችሁ ሁለቱም ጫፎች ከሰፈሩ መሬት ጋር እኩል ይሆናሉ፤ መወጣጫም አያስፈልግም። ስፋቱ ከ4 ሜትር አይነስ፤ የእድር ድንኳንና ወንበር የጫነ ጋሪ ከሚመጣው ሰው ጋር ሳይጋጭ ማለፍ አለበት። መንገዱ ከፍ ብሎ በሚያልፍበት ቦታ ደግሞ ከሥሩ ያለው መተላለፊያ ቀንም ሌሊትም መብራት ይኑረው፣ አንዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሌላው ጫፍ ይታይ። ጥምዝ ያለው ዋሻ ሴቶች በምሽት አይገቡበትም።

በሰፈር ውስጥ መንገዶችና በቀለበቱ ጎንና ጎን ባሉት አገልግሎት መንገዶች ላይ የሚሻለው ከፍ ያለ ዜብራ ነው። ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል እንዲሆን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይነሣ፣ የላዩ ስፋት 4 ሜትር ይሁን፤ መኪናው ሳይወድ በግዱ ይቀዘቅዛል። መንገዱ ከሁለት የመኪና ረድፍ በላይ ከሆነ መሀል ላይ ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት ያለው ማረፊያ ጨምሩ፤ ከዚያ ካነሰ ልጅ ያዘለች እናት ከነዕቃዋ አትቆምበትም። ረድፎቹን ከ3.5 ወደ 3.2 ሜትር ማጥበብ በአራት ረድፍ መንገድ ላይ 1.2 ሜትር ያተርፋል። የትራፊክ መብራት ካለ የእግረኛውን ጊዜ በሰከንድ 1 ሜትር ብላችሁ አስሉ፦ 14 ሜትር መንገድ ቢያንስ 14 ሰከንድ ይፈልጋል።

ኮንክሪት ከማፍሰሳችሁ በፊት በቀለም፣ በአሸዋ በተሞላ ጎማና በኮን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሞክሩት። ለገሃር መጋጠሚያ ላይ በዚህ መንገድ ተሞክሯል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚከፈትበት «መንገድ ለሰው» ቀንም ንድፉን ለነዋሪው ለማሳየት ምቹ ነው።

የወንዙ ዳር

ከንጣፉ በፊት ቱቦው ይቅደም። ወደ ወንዙ የሚለቀቀው የሽንት ቤትና የቤት ፍሳሽ በዳርና ዳር በሚቀበር መስመር ካልተሰበሰበ ሽታው ሰውን ያርቃል፤ ኋላም መስመሩን ለመቅበር ሲባል የተሠራው መንገድ ይፈርሳል።

የክረምቱ ሙላት እስከ የት እንደሚደርስ ነባር ነዋሪዎችን ጠይቁ፤ ግንብ ላይ ያለውን የውሃ ምልክትም ለኩ። የድልድዩ ሆድ ከዚያ ምልክት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል። ዳርቻውን ሁሉ በግንብ ማጠር ውሃውን ያፈጥነውና ጉዳቱን ታች ላለው ሰፈር ያስተላልፈዋል። ጎርፍ በቀጥታ በሚመታው ጥምዝ ላይ ብቻ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) አድርጉ፤ ሌላውን ተዳፋት አርግባችሁ ቬቲቨር ሣር በ10 እና 15 ሴንቲ ሜትር መካከል አራርቃችሁ በመደዳ ትከሉ።

መሄጃው 3 ሜትር፣ ሕዝብ በሚበዛበት 4 ሜትር ይሁን፤ ውሃ እንዳይተኛበት 2 በመቶ ወደ አንድ ጎን ያዘንብል። የተወለወለ ግራናይት በሐምሌ ዝናብ ያንሸራትታል፣ ሸካራ ኮብልስቶን ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበርን ያንገጫግጫል። በማሽን የተቆረጠ፣ ፊቱ ያልተወለወለ የባዛልት ንጣፍ ለሁለቱም ይሻላል።

ዛፍ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ይመረጣሉ። ወርካ ለአደባባይ እንጂ ለእግረኛ መንገድ አይሆንም፤ ሥሩ ንጣፉን ይነቅለዋል። ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ጉድጓዱ 1 ሜትር ስፋት፣ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ በዛፎቹ መካከል ከ6 እስከ 8 ሜትር ተዉ። በሐምሌ መጀመሪያ የተተከለ ችግኝ ክረምቱ ሳይወጣ ሥር ይሰዳል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ግን በሳምንት 20 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል፤ አብዛኛው ችግኝ የሚሞተው በዚህ ወቅት ነው። ከመሻገሪያው በ10 ሜትር ክልል ውስጥ ቁጥቋጦ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ልጅን ከሹፌር ዓይን ይሰውራል።

ጉሊቷና ነዋሪው

ከእግረኛ መንገዱ 2 ሜትር ምንጊዜም ክፍት ይሁን። ከዛፎቹ ረድፍ ጋር 1.5 ሜትር ለጉሊት፣ ለሊስትሮና ለጀበና ቡና ይመደብ። ቦታ ያልተሰጣቸው እንደሆነ የሚቀመጡት ሰው በሚበዛበት፣ መሻገሪያው አፍ ላይ ነው። ምሽት ላይ መንገዱን የሚጠብቁትም እነሱው ናቸው። መኪና እንዳይወጣ የሚተከሉት ምሰሶዎች በመካከላቸው 1.2 ሜትር ይተው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያልፋል፣ መኪና አያልፍም።

የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ተነሥተው የሚሠራ አረንጓዴ መንገድ የሚያገናኘው ሰፈር አይኖረውም። በሁለቱም ወገን ያሉ እድሮች ንድፉ ሳይጸድቅ ይጠሩ፤ የሚነሣ ቤት ካለ ምትኩ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ ይሁን።

ጥገናውም ከግንባታው ውል ጋር አብሮ ይጻፍ፦ ቦዮቹን ከሰኔ በፊት የሚጠርገው፣ የጠፋውን የማንሆል ክዳን የሚተካው፣ የተቃጠለውን አምፖል በሳምንት ውስጥ የሚቀይረው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡስ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ። የዛፎቹን ውሃ ደግሞ በደመወዝ ለሚቀጠሩ የአካባቢው ወጣቶች ቢያንስ ለሁለት በጋ አስረክቡ።